«አክተር አይሞትም»፦ የቪዲዮ ቤት ዘመን ከዓባይ ማዶ

ከበሩ ጎን ተደግፋ የምትቆም ጥቁር ሰሌዳ ነበረች። ቀለም የተቀባ ኮምፔርሳቶ ልትሆን ትችላለች፤ ከትምህርት ቤት የወጣች ቁራጭም ልትሆን ትችላለች። በጠመኔ የሚጻፍባት ሦስት መስመር ነው፦ «8 ሰዓት ህንድ። 10 ሰዓት ቫንዳም። ማታ 1 ሰዓት ኮማንዶ።» የፊልሙ ርዕስ ተጽፎ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲጻፍም እንደ ጸሐፊው እንግሊዝኛ ይጣመማል። ማንም ቅር አይለውም። ደንበኛው የሚጠይቀው «ምን ፊልም ነው?» ብሎ ሳይሆን «ማን አለበት?» ብሎ ነውና።

ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል የወረደ መኪና ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ ትንፋሹን የሚሰበስበው እዚህች ከተማ ላይ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ ቁልቁለትና ዳገት ለሾፌር ቀልድ አይደለም፤ ፍሬን ይግላል፣ ራዲያተር ይፈላል፣ የተሳፋሪ ጆሮ ይደፈናል። ከደጀን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ ይቀጥላል፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይወጣል። ለምሥራቅ ጎጃም ከመሀል አገር የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ ጨውም ሆነ ጨርቅ፣ ጋዜጣም ሆነ ወሬ፣ በዚህ አፋፍ በኩል ይገባ ነበር። የፊልም ጀግናው ቫንዳምም የገባው በዚሁ በር ነው።

አዲስ አበባ ከሲኒማ ጋር የተዋወቀችው ቀደም ብላ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያየውን ሁሉ ስላስደነገጠ፣ ፊልም የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ኋላ ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ አምፒር፣ አምባሳደር፣ ራስ እየተከተሉ መጡ፤ የከተማው ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ የህንድ ፊልም አይቶ አልቅሶ ወጣ። ቢቸናና ሞጣን ለመሰሉ ከተሞች ግን ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ነበር። ለእነሱ ፊልም በትልቅ ሸራ ሳይሆን በትንሽ ሳጥን፣ በአዳራሽ ሳይሆን በጭቃ ቤት መጣ።

የቪዲዮ ማጫወቻ፣ በሕዝቡ አፍ «ዴክ»፣ በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከውጭ በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ እየገባ በየሀብታሙ ሳሎን መታየት ጀምሮ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ንግዱ ሲከፈት ዴኩ ከሳሎን ወጥቶ ሥራ ያዘ። አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት ካሴትና አግዳሚ ያለው ሰው የሲኒማ ቤት ባለቤት ሆነ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ቪዲዮ ቤት የሌለው የመንገድ ዳር ከተማ ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ቤቱ ራሱ የሚታይ ነገር አልነበረም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይደፈናል። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ፣ ከኋላ የተቀመጠውም እንዲያይ፣ ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ይቀመጣል። ታዳሚው በአግዳሚ ይደረደራል፣ የተረፈው መሬት ይቀመጣል፣ የላብ፣ የጎማ ጫማና የቆሎ ሽታ ይቀላቀላል። መግቢያው በሳንቲም የሚቆጠር ነበር፤ ኋላ ብር ገባ። በር ላይ ቀጭን አርጩሜ የያዘ ልጅ ቆሞ ያልከፈለውን ይለያል፣ የሚንጫጫውን ያስታግሳል፣ ሁለተኛ ፊልም በነጻ ሊያይ ከአግዳሚ ሥር የተደበቀውን እግሩን ይዞ ይጎትታል።

የካሴቱ ጤና ሌላ ጣጣ ነበር። አንዱ ካሴት ከሌላ ካሴት፣ ያም ከሌላ ስለሚገለበጥ ምስሉ እየደበዘዘ፣ ድምፁ እየታፈነ ይሄዳል። ከሥሩ ብዙ ጊዜ የዓረብኛ ጽሑፍ ይሮጣል፤ የፊልሙን መንገድ የሚያሳብቀው እሱ ነው። መሀል ላይ ምስሉ በረዶ ሲሆን «ሄድ!» ብሎ የሚጮኸው ታዳሚው ነው። ባለቤቱ ዴኩን ከፍቶ ሄዱን፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠርጋል፤ ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ምስሉ ሲመለስ ጭብጨባ ይቀልጣል። መብራት ከጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ይመለስ ወይስ ነገ መጥተን እንጨርስ የሚለው ክርክር፣ ከፊልሙ የማያንስ ጠብ ያስነሳ ነበር።

ከዚህ ቤት የወጣው ትልቁ ቃል «አክተር» ነው። በእንግሊዝኛው ማንኛውም ተዋናይ አክተር ይባላል። በቪዲዮ ቤት አማርኛ ግን አክተር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዋናው፣ የሚያሸንፈው። ሌላው ሁሉ ወይ የአክተሩ ጓደኛ ነው፣ ወይ የአክተሩ ጠላት፣ ወይ ለመሞት የተቀጠረ። ከዚህ አጠራር «አክተር አይሞትም» የሚለው አባባል ተወለደ፤ ዛሬም ከአደጋ የተረፈ ሰው፣ ከሥራ ተባሮ ሌላ ሥራ ያገኘ ሰው፣ ከባድ በሽታ የለቀቀው ሰው በዚሁ ቃል ይሾፍበታል።

አባባሉ ሕግም ነበር። በ«ኮማንዶ» አርኖልድ ሽዋዚንገር ብቻውን አንድ ደሴት ሙሉ ወታደር ሲጨርስ «እንዴት አንድ ጥይት እንኳ አላገኘውም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ አክተር ነዋ! ሕጉ ሲጣስ ነበር ችግሩ። በህንዱ «ሾሌ» አሚታብ ባቻን መጨረሻ ላይ ይሞታል፤ ይህን ሕዝቡ በእንባ ተቀበለው፣ ከህንድ ፊልም ለቅሶ ይጠበቃልና። «ታይታኒክ» ላይ ወጣቱ ውኃ ውስጥ ሲቀር ግን ብዙ ልጅ ተታለልኩ አለ። በሁለተኛው «ተርሚኔተር» መጨረሻ አርኖልድ በገዛ ፈቃዱ የቀለጠ ብረት ውስጥ ይወርዳል። በዚህ ላይ የሕግ ሊቃውንት ተከራከሩ፤ ያሸነፈው ወገን «እሱ ማሽን ነው፤ ማሽን ይበላሻል እንጂ አይሞትም» ያለው ነው።

ከአክተሮቹ ሁሉ ቤቱን የሚሞላው የቤልጂየሙ ዣን ክሎድ ቫንዳም ነበር። አርኖልድ ግዙፍ ነው፣ ስታሎን ጠመንጃ ይዟል፤ ሁለቱንም መሆን ለደሀ ልጅ ያስቸግራል። የቫንዳም መሣሪያ ግን እግሩ ነው። እግር ደግሞ ሁሉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ብለድስፖርት» በሆንግ ኮንግ የተቀረጸ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። የመጨረሻው ፍልሚያ ላይ ቾንግ ሊን ሆኖ የሚጫወተው ደረተ ሰፊው ቦሎ ዩንግ ተሸናፊነቱ ሲታወቀው ከቀበቶው ውስጥ የደበቀውን ዱቄት አውጥቶ ቫንዳም ዓይን ላይ ይበትናል። ቫንዳም ይታወራል። እየተንገዳገደ ይደበደባል። ከዚያ ቆም ይላል፤ መምህሩ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ያሠለጠነውን ያስታውሳል፤ ፊቱ ይረጋጋል፤ በጆሮው ብቻ መዋጋት ይጀምራል።

በዚህ ቅጽበት በቪዲዮ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የለም። አግዳሚው ይገለበጣል፣ ፉጨቱ ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጣል፣ ፊልሙን ለሰባተኛ ጊዜ የሚያየው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያየው «አሁን እየው! አሁን እየው!» እያለ ክንዱን ይጎትተዋል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሜዳው ላይ እንደ ቫንዳም እግሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት የመንካቱን «ስፕሊት» የሚሞክር ልጅ ሱሪው ይተረተራል። ወደ ቤት የሚገባው ቂጡን በደብተር ሸፍኖ ነው።

«እውነተኛ ታሪክ ነው» የሚለው ወሬ ደግሞ የፊልሙን ዋጋ እጥፍ አደረገው። ፊልሙ ፍራንክ ደክስ የተባለ ሰው በሚስጥራዊ ውድድር አሸነፍኩ ብሎ በተረከው ላይ የቆመ ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ነገሩን መርምሮ ብዙው እንደማያሳምን ጽፏል። ያ ጋዜጣ ግን ዓባይን አልተሻገረም። ቢሻገርም ማን ያምነው ነበር?

የዚህ ሁሉ ጫጫታ ግማሹ የሚካሄደው ከቪዲዮ ቤቱ ውጭ ነው። የመግቢያ ሳንቲም የሌለው ልጅ ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ ፊልሙን ያዳምጣል፤ ጥፊውን ከጥይቱ፣ ጥይቱን ከፈንጂው በድምፅ ይለያል። በማግስቱ ደግሞ ያየው ልጅ በትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓት ተከቦ ፊልሙን «ያወራል»። ፊልም ማውራት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ጎበዝ አውሪ ንግግሩን አይተረጉምም፣ እንግሊዝኛውን እሱም አልሰማውምና፤ ይፈጥረዋል። አባትየው ልጁን «ደሜን መልስ» ይለዋል፤ ጠላትየው «ዛሬ ወይ እኔ ወይ አንተ» ይላል። ጡጫው በአፍ «ድሽ! ድሽ!» እየተባለ ይታጀባል፣ ቀስ ተብሎ የሚታየው ርግጫም አውሪው እግሩን አየር ላይ አቁሞ ይሠራዋል። ሁለት ሰዓት የፈጀ ፊልም አንዳንዴ ለሁለት ቀን የዕረፍት ሰዓት ይበቃል። ሴቶች ልጆች ቪዲዮ ቤት መግባት እንደ ነውር ይታይባቸው ስለነበር፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ቫንዳምን የሚያውቁት በዚህ መንገድ ነው፤ በወሬ።

ታሪክን በወሬ ማወቅ ለጎጃም እንግዳ ነገር አልነበረም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ታሪኩ ከሚካሄድባቸው ስፍራዎች አንዱ ከቢቸና የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። መጽሐፉን ግን ከአንባቢው ይልቅ የሰማው ይበልጣል። ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው፣ ራዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር። ማንበብ የማይችል ገበሬ ስለ ልብ ወለዱ ሰብለ ወንጌል ተከራከረ። ፊልሙን ሳያይ ስለ ቫንዳም የተከራከረው ልጅ ታዲያ የዚያ ገበሬ የልጅ ልጅ ቢሆን ምን ይገርማል?

ቢቸና ደግሞ ከቫንዳም በፊት የራሷ ጀግና ነበራት። በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ አምስቱን የወረራ ዓመታት ጣሊያንን በዚሁ በረሃና በዚሁ ተራራ ተዋግቶ ከድል በኋላ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። የእሱ ታሪክ በፉከራና በለቅሶ ዜማ እየተነገረ ነው ልጅ ጆሮ የሚደርሰው። እንግዲህ የቢቸና ልጅ «አክተር አይሞትም» ሲል የሚያውቀው ጀግና ሁሉ ተርፎለት አይደለም። አያቱ የነገሩት ጀግና ሞቷል፤ ያውም በጠላት እጅ ሳይሆን በአገሩ መንግሥት። ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የማይሞተውን ሰው ለማየት ሳንቲሙን የከፈለው።

ክርክሮቹ ቋሚ ነበሩ። ብሩስ ሊና ቫንዳም ቢጋጠሙ ማን ያሸንፋል? ብሩስ ሊ የሞተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1973 ነው፤ ቫንዳም በዚያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ግን የሁለቱም ካሴት አንድ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለቱም እኩያ ናቸው። ብሩስ ሊ በእርግጥ ሞቷል ወይስ ተደብቋል የሚለውም ጥያቄ ቶሎ አልተዘጋም። ስቲቨን ሲጋል ይሻላል የሚል ወገን ነበር፣ ጃኪ ቻን ይሻላል የሚልም። ጃኪን የሚያናንቁት «ያሾፋል» ብለው ነው፤ የሚወዱት ደግሞ ወንበርም መሰላልም ጃንጥላም መሣሪያ ስለሚያደርግ።

ከነዚህ ክርክሮች አንዱ ዛሬም ቢሆን ከብዙ የፊልም ሂስ ይበልጣል። «ሲጋል አይደበደብም» ይላል አንዱ በአድናቆት። ሌላው ይመልሳል፦ «እኮ! ለዚህ ነው የማያስደስተው። ቫንዳም መጀመሪያ ይወቀጣል።» እውነት ነው። «ኪክቦክሰር» ላይ የቫንዳም ወንድም በቶንግ ፖ እጅ ወገቡ ተሰብሮ ሽባ ይሆናል፤ «ላየን ሃርት» ላይ ወንድሙ ተቃጥሎ ይሞታል። መከራው ከፊት ስለሚቀመጥ በቀሉ ይጣፍጣል። ይህን ያስተዋለው ልጅ የድርሰት መምህር አልነበረውም፤ የመግቢያ ሳንቲም እንጂ። ከዱላ ምክቶሽ አገር የመጣ ታዳሚ ደግሞ ዓይኑ ስለት ነው፤ በትር የያዘው ገጸ ባሕርይ አያያዙ ከተበላሸ «ይሄ በትር ይዞ አያውቅም» ብሎ ይፈርዳል።

መምህራንና ወላጆች በሌላ ዓይን ያዩት ነበር፤ አልተሳሳቱምም። ከክፍል የሚጠፋ ተማሪ የሚገኘው እዚያ ነው። ለመግቢያ ሲባል የእናት መቀነት ይፈተሻል። ሌሊት ላይ ሰሌዳ የማይጻፍለት ፊልም የሚያሳዩ ቤቶችም ነበሩ፣ ጫትና ሲጋራም ተከትሎ ገባ። ከትምህርት ቤት አጠገብ ያሉት ይዘጉ የሚለው ጩኸት በየከተማው ተሰምቷል። ያንን ጊዜ በናፍቆት ብቻ የሚያወራ ሰው የአርጩሜውን ልጅ ረስቷል፤ ያም ልጅ ከትምህርት ገበታ ቀርቶ ነው በር ላይ የቆመው።

አሁን ወደ አክተሮቹ እንመለስ፤ በአገራቸው ዕድሜ ቀደማቸውና። ቫንዳም በ1994 እ.ኤ.አ. «ታይምኮፕ» ላይ የከፍታው ጫፍ ደረሰ፤ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ ቁልቁለቱ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ እንደሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ሆነ፦ ኮኬይን፣ ፍቺ፣ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ለቪዲዮ የሚሸጡ ፊልሞች። ሲጋልም በቀጥታ ለቪዲዮ ወደሚሸጡ ፊልሞች ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የሩሲያ ዜግነት ተቀበለ። አርኖልድ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2011 የካሊፎርኒያ ገዥ ሆነ። በ«ሮኪ» አራተኛ ክፍል ጨካኙን ሩሲያዊ የተጫወተው ዶልፍ ላንድግረን የኬሚካል ምህንድስና ማስተርስ እንዳለው ስንቱ ያውቃል? ስታሎን እ.ኤ.አ. በ2010 የቀሩትን «ኤክስፔንደብልስ» ብሎ ሰበሰባቸው። ቫንዳም መጀመሪያ እምቢ ብሎ በሁለተኛው ክፍል ገባ፤ ያውም የአክተሩ ጠላት ሆኖ። በቪዲዮ ቤት ሕግ ይህ ክህደት ነው።

ሃያሲዎቹማ ሲጀመርም አልወደዱትም። ራዚ የሚባል ለቀሽም ሥራ የሚሰጥ የማሾፊያ «ሽልማት» አለ። ምሥራቅ ጎጃምን አግዳሚ ላይ ያቆመው «ብለድስፖርት» ቫንዳምን ለራዚ የዓመቱ መጥፎ አዲስ ተዋናይ ዕጩ አድርጎታል። እነዚሁ ሰዎች ኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ለወጡት የብሩስ ዊሊስ ፊልሞች ብቻውን የሚወዳደርበት ዘርፍ ከፈቱለት፤ በማግስቱ ዓመት ሰውየው ንግግር በሚነሳ ሕመም ምክንያት ትወና ማቆሙ ሲሰማ አፍረው ሰረዙት። የሚያሾፍ ሰው አንዳንዴ ፊልሙን አይቶ ሰውየውን ሳያይ ይቀራል።

ከሃያሲዎቹ ወገን አንድ የሚያስደስት ታሪክ አለ። ዛሬ የዓለምን ፊልም በፐርሰንት የሚመዝነው «ሮተን ቶሜቶስ»፣ ትርጉሙ የበሰበሰ ቲማቲም የሆነው ድረ ገጽ፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1998 ነው። ያቋቋመው ሴን ዱዎንግ የሚባል የበርክሌይ ተማሪ ሲሆን የተነሳው የጃኪ ቻን ፊልሞች አሜሪካ ሲገቡ ማን ምን እንዳለ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ብሎ ነው። እንግዲህ የዘመኑ ትልቁ የፊልም ሚዛን የተሠራው «ጃኪ ይሻላል» ከሚለው ወገን በመጣ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ቢቸና ቢወለድ ኖሮ በዕረፍት ሰዓት የሚከበብ ነበር።

ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ኢትዮጵያ ብቻዋን አልነበረችም። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች «ቪጄ» የሚባል ሰው ማይክራፎን ይዞ ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎመ፣ እየቀለደ፣ እየጨመረበት ያሳይ ነበር፤ ከነሱ ቪጄ ጂንጎ ስሙ ገኗል። በኬንያ ዲጄ አፍሮ እንዲሁ። በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር የአክሽን ፊልም ፋብሪካ የከፈተው አይዛክ ናብዋና ደግሞ በልጅነቱ ፊልም ቤት አልገባም፤ ታላላቆቹ አይተው እየመጡ ያወሩለት ነበር። ሲያድግ ያንን የሰማውን ሠራው። በ2010 እ.ኤ.አ. የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» ከ200 ዶላር በማይበልጥ ወጪ እንደተሠራ ይነገርለታል፤ በመላው ዓለም ታይቷል። በጎጃም ትምህርት ቤቶች ፊልም ሲያወሩ ከነበሩት ልጆች ግን ካሜራ የደረሰው ስለመኖሩ አልተሰማም። የሚያስቆጨው ይህ ነው።

ቪዲዮ ቤት በአንድ ቀን አልሞተም። መጀመሪያ ቪሲዲ መጣ፤ ካሴትን ከነሄዱ አስጣለ። ቀጥሎ አንድ ዲስክ ላይ የቫንዳምን ስምንት አሥር ፊልም አጭቆ የያዘው የቻይና ኮሌክሽን መጣና በአንድ የመግቢያ ሂሳብ ለቀናት የሚበቃ ፊልም በየቤቱ ገባ። የአማርኛ ፊልም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ባሉ ሥራዎች ሲነሳ ታዳሚው ቋንቋው የሚገባውን አክተር አገኘ። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር የህዳሴ ድልድይ ዓባይ ላይ ሲመረቅ፣ በላዩ የሚያልፈው ካሴት ሳይሆን ዲስክ ነበር። ቪዲዮ ቤቶቹ ዲሽ ተክለው የእንግሊዝ ኳስ ማሳየት ጀመሩ። ሰሌዳዋ ግን አልተጣለችም፤ «ቫንዳም» ተጠፍቶ «አርሰናል» ተጻፈባት።

ከዚያ «ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በየሱቁ ተለጠፈ። ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ከጥፍር አይበልጥም፤ ቪዲዮ ቤቱን ሙሉ ይይዛል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ፣ ቪዲዮ ቤት ያልገቡት እናቶችና እህቶች በተራቸው አክተር መረጡ።

አውሪውስ? አውሪው ዩቲዩብ ገባ። «ሰላም ቤተሰቦች» ብሎ የሚጀምረው የአማርኛ ፊልም ተራኪ፣ የሁለት ሰዓት ፊልም በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርሰው፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም ትቶ «ይሄ ልጅ»፣ «ሰውዬው» እያለ የሚሄደው፣ የዚያ የዕረፍት ሰዓት ልጅ ወራሽ ነው። «ድሽ! ድሽ!» ብቻ ነው የጎደለው። በድምፁ ሰው ይዞ የሚያስቀምጥ አለ፣ ፊልሙን ከፊልሙ የሚያስበልጥ አለ። ይሁንና አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም፦ አብዛኞቹ ፊልሙን ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ የት አገር እንደሆነ አይናገሩም። አውሪ መሆንና ሃያሲ መሆን ለየቅል ነው። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ «ሲጋል ስለማይደበደብ አያስደስትም» ሲል ሃያሲ ነበር፤ ፍርድ ሰጥቷል፣ ምክንያቱንም አስቀምጧል። ከዛሬዎቹ ይህን የሚያደርጉት ጥቂት ናቸው።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ተራኪዎቹ ሁሉ ለክልሉ ተመልካች ባንዴ ዝም አሉ። ሜሞሪ ካርድ ላይ የተጫነ ፊልም ግን ኔትወርክ አይጠይቅም፤ አፍ ለአፍ የሚወራውም እንዲሁ።

ቫንዳም ራሱ ቁልቁለቱን አልካደውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው «ጄሲቪዲ» ራሱን ሆኖ፣ የደከመና የከሰረ ተዋናይ ሆኖ ይጫወታል፤ መሀል ላይ ከትዕይንቱ ከፍ ብሎ ወጥቶ ካሜራውን እያየ ስለ ሕይወቱ ለደቂቃዎች ይናገራል፣ ያለቅሳል። እሱን ሲራገጥ ብቻ ያየ የቪዲዮ ቤት ልጅ ይህን ፊልም ቢያገኘው ይመከራል። በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. በወጣ ቪዲዮ ደግሞ በሁለት የቮልቮ ከባድ መኪኖች ስፖኪዮ ላይ አንድ አንድ እግሩን አሳርፎ ቆመ። መኪኖቹ ወደ ኋላ እየነዱ ቀስ ብለው ተራራቁ፤ እሱም እጁን አጣጥፎ እስከ መጨረሻው ስፕሊት ወረደ። ማስታወቂያ ነው፤ ስለ መሪው ጥራት የተሠራ። የዓባይን ቁልቁለት በከባድ መኪና የወረደ ሾፌር ሲያየው የሚያደንቀው መኪናውን ይሁን እግሩን እንጃ።

ካሴት የሚያጫውተው ማሽን ከእንግዲህ አይመረትም፤ ዴክ ማምረት የቀጠለው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ፣ ፉናይ፣ ሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። የቀሩት ካሴቶች በየጣራው ሥር ሻግተዋል። ስለ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የተጻፈ ነገር አለ፤ ስለ ጭቃ ቤቶቹ ግን ከሞላ ጎደል ምንም የለም። በደጀን፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ቪዲዮ ቤት ከፍቶ የነበረ፣ በር ላይ የቆመ፣ የካሴት ኪራይ ደብተር ያስቀመጠ ወይም የዚያችን ሰሌዳ ፎቶ ያነሳ ሰው ካለ አይጣለው። ይጻፍ፣ ያስጽፍ፤ ቢያንስ ለልጆቹ ያውራላቸው።